ኡናጊው መጨረሻ ላይ

«ሦስት፣ ቢበዛ አራት ማንኪያ። ከዚያ በኋላ መዋጥ ያቅታቸዋል» አለች ነርሷ ትሪውን ወደ አልጋው እያስጠጋች። «ካሳላቸው ወዲያው አቁሚ፣ እሺ?»

ሺኖ ራሷን ነቀነቀች። ከነገ ጀምሮ አያቷ የሚመገቡት በቱቦ ነው፤ በአፋቸው የሚቀምሱት የመጨረሻ ምግብ ይኸው ነው። እናቷ ይህንን ማየት አልችልም ብላ ኮሪደሩ ላይ ቀርታለች። በአሥራ አራት ዓመቷ ማንኪያ ይዛ ብቻዋን ከትሪው ጋር ተፋጠጠች።

ትሪው ላይ የአኩሪ አተር ሾርባ፣ የላመ ሩዝና ኡናጊ አለ። ኡናጊ አያቷ ነፍሳቸው እስኪወጣ የሚወዱት፣ ጣፋጭ ስጎ እየተቀባ ከሰል ላይ የሚጠበስ ረጅም ዓሣ ነው። የሆስፒታሉ ወጥ ቤት አድቅቆ ካላመው በኋላ መልሶ የዓሣ ቅርጽ ሰጥቶታል።

ችግሩ፣ አያቷ ከኡናጊ ጀምረው አያውቁም። መጀመሪያ ሾርባ፣ ቀጥሎ ሩዝ፣ የሚወዱት ነገር መጨረሻ። ሺኖ በልጅነቷ የሚጥማትን አስቀድማ ስትጎርስ «ምነው፣ ባቡር ሊያመልጥሽ ነው?» እያሉ ያሾፉባት ነበር። ዛሬ ግን መጨረሻው ላይ አይደርሱም። ሾርባውና ሩዙ ያለችውን አቅማቸውን ይጨርሷታል።

ከኡናጊው ቆርሳ አስጠጋችላቸው። አያቷ ከንፈራቸውን ገጠሙ።

«አባባ፣ ኡናጊ እኮ ነው። በሞቴ፣ ችክ አይበሉብኝ።»

ዐይናቸው ወደ ሾርባው ሄደ።

«ሾርባው ይደርሳል። ዛሬን ብቻ ይህን ያስቀድሙልኝ» አለች።

«ሾርባ» አሉ፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ።

ሺኖ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። አፋቸውን ፈልቅቃ ብታጎርሳቸው በወደደች። ሳይቀምሱት ቢቀሩ እንዴት ትችለዋለች? ዕድሜ ልኳን ሲቆጫት ሊኖር ነው። እሷን ነው የሚቆጫት። ይህን ስታስብ ደንገጥ ብላ አየቻቸው። እሳቸው አልተጨነቁም፤ እንደ ወትሮው ገበታ ቀርበው ሾርባቸውን እየጠበቁ ነው።

ማንኪያውን መልሳ ትሪው ላይ አራገፈች። ኡናጊውን ከሩዙ ወዲያ፣ ሊያዩት በሚችሉበት ቦታ አስቀመጠችና ሾርባውን ጨለፈች።

አያቷ አፋቸውን ከፈቱ።