ጋሽ አደሎን የሸኘው ፈረስ

በመጀመሪያ አንድ ነገር ላይ እንስማማ፣ እኔ መንፈስ ታየኝ፣ ጥላ ተከተለኝ ከሚሉት ሰዎች ወገን አይደለሁም፣ እንዲያውም እንዲህ ዓይነት ወሬ የሚያወራ ሰው ሲገጥመኝ ‘ትናንት ምን ጠጥተህ ነበር?’ ብዬ የምጠይቅ ነገረኛ ነኝ። ቦንጋ ተወልጄ ቦንጋ ያደግሁ የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ፣ ላም ማህፀን ውስጥ እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ ጥጃ አወጣለሁ፣ የሞተ በሬ ሆድ ከፍቼ ምን እንደገደለው እፈልጋለሁ፣ እና እመነኝ ወዳጄ፣ በዚያ ሁሉ ሆድ ውስጥ አንድም ቀን ጋኔን አላገኘሁም። ያለኝ ዲፕሎማ ብቻ ነው፣ ግን በእኛ አገር መርፌ የያዘ ሁሉ ዶክተር ስለሚባል ሰው ዶክተር ይለኛል፣ እኔም አቤት እላለሁ።

ነገሩ የሆነው በኢሕአዴግ ጊዜ ነው፣ ያ ሁሉም ወሬ ልማት፣ ሁሉም ሰው አንድ ለአምስት በነበረበት ጊዜ። አንድ ባለሀብት ከከተማው ወጣ ብሎ በቆርቆሮ የታጠረ ቄራ ከፈተ፣ ያረጁ ፈረሶችና አህዮች እየገዛ አርዶ ሥጋቸውን ወደ ውጭ አገር ሊልክ ነው ተባለ። ከተማው ታመሰ። ሰው ከልኳንዳ ቤት መግዛት ፈራ፣ ጥብስ አዝዞ አስተናጋጇን ‘በእናትሽ፣ ይሄ ነገር ቀንድ ነበረው?’ ብሎ የሚጠይቅ መምህር በዓይኔ አይቻለሁ። ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ሙስሊሙም ያለ ስብሰባ በአንድ ድምፅ የተስማማበት ነገር ቢኖር ፈረስ አይታረድም የሚለው ነበር።

እኔ ግን ከሁሉም ጋር ተጣላሁ። ለቄራው ከብቶቹን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል ተብሎ ከመሥሪያ ቤታችን የተመደብኩት እኔ ነበርኩ፣ ለደመወዜ ብዬ የተሟገትኩ የመሰለው ሰው ብዙ ነው፣ ይምሰለው። ፈረስ ዕድሜ ልኩን ቡና ተሸክሞ ሲያረጅ ምን ይደረጋል? መንገድ ዳር ይለቀቃል። ጅብ ከኋላው ይጀምረዋል፣ ጠዋት ሄደህ ስታየው ዓይኑ ገና ይንቀሳቀሳል። ይሄንን አይቻለሁ። እና ትናንት ፈረሱን ለጅብ የለቀቀ ሰው ዛሬ ፈረስ ታረደ ብሎ ሲያማትብ ደሜ ይፈላል፣ አሁንም ይፈላል።

በዚህ ክርክር አፌን ያስያዙኝ ሰው ጋሽ አደሎ ናቸው። ቤታቸው ወደ ሺሺንዳ በሚያወጣው መንገድ ላይ፣ ከተማው ሲያልቅ ነው። ዳማ የሚሉት ቀይ ፈረስ ነበራቸው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ በጉብዝናው ከማንኪራ ጫካ ቡናና ማር ሲያመላልስ የኖረ። እኔ ሳውቀው አርጅቷል። አንደኛው የኋላ ኮቴው ተሰንጥቆ ስለነበር ሲሄድ ሦስቱ እግሩ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ይልና አራተኛው ሸረር ይላል፣ ከመታጠፊያው ሳይወጣ ገና በድምፁ ጋሽ አደሎ መጡ ትላለህ። ጀርባው ላይ ደግሞ ገጣባ ነበረው፣ ኮርቻ የበላው የቆየ ቁስል፣ አንዱ ወገን ሲድን ሌላው የሚከፈት፣ እሱን የማክመው እኔ ነበርኩ። ያው ጂቪ የምንለውን ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የቁስል መድኃኒት ነው የምቀባው፣ ታውቀዋለህ፣ እጅህን ከነካህ ሳሙና አያስለቅቀውም፣ እስኪበቃው ቆይቶ ራሱ ነው የሚለቅህ።

የመጨረሻ ጊዜ ስቀባው ጋሽ አደሎ አጠገቤ ቆመው ‘ለበዓል ነው እንዴ እንዲህ የምታስጌጠው?’ ብለው ቀለዱብኝ፣ እኔም አጋጣሚውን አግኝቼ ያንን ክርክሬን ጀመርኩ። ይሄ ፈረስ እየተሰቃየ ነው፣ ነገ ጅብ ከሚበላው በቢላ ቶሎ ቢያልፍ አይሻልም ወይ አልኳቸው። ሽማግሌው አልተቆጡም። አማርኛቸው በካፍኛ የታሸ ነው፣ ቀስ ብለው ነው የሚያወሩት።

‘ጅብ ርቦት ነው’ አሉኝ። ‘ደግሞ ጅብ ከእኔ አልገዛም። እኔ አልሸጥኩለትም።’

ቀጠሉና ‘እኔ ስሞት ኮርቻዬን ተጭኖ ለቅሶዬን ይዞራል። እሱ ነው የሚሸኘኝ። ከዚያ ወዲያ ይሙት፣ እኔም አልጠይቀው’ አሉ።

እንግዳ ከሆንክ ላስረዳህ፣ የድሮ ፈረሰኛ ሲሞት የገዛ ፈረሱ በኮርቻው ተጭኖ፣ ባዶውን፣ እየተሳበ በለቀስተኛው መሃል ይዞራል፣ ሟቹ ወደዚያኛው ዓለም የሚሄደው በእሱ ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ጋሽ አደሎ ከዚህ ዓለም የፈለጉት ይሄንኑ ነበር። ቡናውንም መሬቱንም ለልጃቸው ትተውለታል፣ ለራሳቸው ያስቀሩት ያንን አንድ ዙር ብቻ ነው።

ከዚያ ታመሙ። ሆስፒታል ገቡ፣ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ አስታማሚ ሆነው አብረው ገቡ፣ ቤቱ ልጃቸው መስፍን እጅ ላይ ቀረ። መስፍን ባጃጅ ነጂ ነው፣ ክፉ ልጅ አይደለም፣ ግን ፈረስ ማጠጣትና ሣር ማጨድ የእሱ ዓለም አይደለም፣ አንድ ቀን የቄራው ፈረስ ሰብሳቢዎች በደጁ ሲያልፉ ዳማን አውጥቶ ሸጠላቸው። እናቱን ‘ዘመድ ጋ አደራ ሰጥቼዋለሁ’ አላቸው። አባትየውም አልጋቸው ላይ ሆነው ዳማ እንዴት ነው ሲሉ ያንኑ ይነግራቸው ነበር።

እኔ ይሄን ሁሉ የት አውቄ! አንድ ቀን ዝናቡ መንገዱን አጨቅይቶት ቄራው ስደርስ አርፍጃለሁ፣ እኔን ሳይጠብቁ ማረድ ጀምረዋል፣ እየተቆጣሁ ገባሁና ወለሉ ላይ የተዘረጋ ቀይ ቆዳ አየሁ፣ መሃሉ ላይ የእኔ ጂቪ። ወዳጄ፣ ክው አልኩ። የሰው ፊት ነው ያየሁ የመሰለኝ። ጭንቅላቱን ፈለግሁ፣ ነጩ ግንባር አለ፣ እግሮቹን ፈለግሁ፣ የተሰነጠቀው ኮቴ አለ። በእጄ ነካሁት፣ ገና ትኩስ ነው። ይሄን የምነግርህ በኋላ እንዳትጠራጠር ነው፣ ዳማ ሞቷል፣ አየሁት፣ ዳሰስኩት፣ ፈረስ ከዚያ በላይ አይሞትም።

ለመስፍን ደወልኩ፣ ጮህኩበት። እስክጨርስ ሰማኝና በተረጋጋ ድምፅ ‘ዶክተር፣ ከጅብ ይሻላል ያልከው አንተ አይደለህም እንዴ?’ አለኝ። ስልኩን ዘጋሁ።

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ አደሎ አረፉ፣ የመጨረሻ ቃላቸውም ኮርቻውን ቅባት ቀቡት የሚል ነበር አሉ። አሁን መስፍን መሬት ጠበበው። ለእናቱ እውነቱን እንዳይነግር ፈራ፣ ፈረስ ሳይዞር እንዳይቀር ከአገሩ ሽማግሌ ምላስ አይተርፍም፣ እና ምን አደረገ መሰለህ፣ ሺሺንዳ ድረስ ሄዶ የቡና ነጋዴውን የጋሽ ኑሬን ፈረስ ተዋሰ። ጋሽ ኑሬ ደግ ሰው ናቸው፣ ለቅሶ ነው ሲባሉ ምንም ሳይጠይቁ ሰጡ። ፈረሱ ግን ወጣት ነው፣ እግሩ የጸና፣ ደግሞም ጥቁር። ቀዩን ፈረስ በጥቁር! መስፍን ግን ጭጋግ ነው፣ ለቀስተኛ ዓይኑ እንባ ነው፣ ኮርቻውን ካዩ ሌላውን አያዩም ብሎ ተማመነ። በዚያ ላይ ፈረሱ ነካሽ ሆኖ ተገኘና የሚይዘው ሰው ጠፋ፣ ዶክተር ይጠራ ተባለ።

ለሽማግሌው ስል ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ የእኛን አገር ጭጋግ ታውቀዋለህ፣ ከጫካው ተነስቶ ግቢው ድረስ ይገባል፣ ከድንኳኑ እስከ አጥሩ ያለው ሰው ራሱ ብዥ ብሏል። ከቤቱ ጀርባ ወስጄ ከመጫኔ በፊት እንደ ልማዴ የፈረሱን ጀርባ በሁለት እጄ ዳሰስኩ፣ ንጹህ ነው፣ ጠባሳ የለ፣ እብጠት የለ። ኮቴዎቹን አንድ በአንድ አነሳሁ፣ ደህና ናቸው። የኮርቻውን ልብስ አለበስኩ፣ የጋሽ አደሎን ኮርቻ ጫንኩ፣ ልጓሙን ይዤ ወደ ለቀስተኛው አወጣሁት። ሊነክሰኝ ሁለቴ ሞክሯል፣ ይሄንንም ልብ በል።

መዞር ጀመርን። ሙሾ አውራጇ እያለቀሰች፣ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ እስባለሁ። መጀመሪያ እንዲሁ የሰማሁ መስሎኝ ነበር። ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ሸረር። መሬቱ ጭቃ ነው፣ ጭቃ ላይ ኳ የሚል ድምፅ ጨርሶ አይወጣም፣ ይሄ ግን ደረቅ ድንጋይ ላይ እንደሚሄድ ነው የሚሰማው። የጆሮዬ ነገር ነው ብዬ ተራመድኩ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ሸረር። ዞር ብዬ እግሩን አየሁ፣ ፈረሱ አራቱንም እግር አስተካክሎ ነው የሚረግጠው። ቆምኩ። እሱም አብሮኝ ቆመ፣ ድምፁ ግን ቀሪውን ጨረሰ፣ ሸረር አለና ዝም አለ።

ሙሾ አውራጇ መሃል ላይ ተወችው። እመነኝ፣ ያን ያህል ሰው ያለበት ለቅሶ እንዲያ ጭጭ ሲል ሰምቼ አላውቅም። መስፍንን ፈለግሁት፣ የድንኳኑን ቋሚ ይዞ ቆሟል፣ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ያን ጊዜ ነው እትዬ አስካለ ከሴቶቹ መሃል ተነስተው የመጡት። ዓይናቸው ምንም አልሆነም፣ እንዳትሳሳት፣ ያለ መነጽር መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገቡ ሴት ናቸው። አሁን ይጮሃሉ፣ ፈረሴ የት ሄደ ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ቀጥ ብለው መጥተው አንገቱን አቀፉት። ያ ነካሽ ፈረስ ራሱን ዝቅ አድርጎ ትከሻቸው ላይ አሳረፈ፣ ልክ ዳማ ከገበያ ሲመለስ እንደሚያደርገው። ከዚያ እጃቸውን ከኮርቻው ልብስ ሥር አስገቡ፣ ትንሽ ቆዩ፣ ወደ እኔ ዞሩ።

‘ዶክተር፣ ገጣባው ተከፍቷል እኮ። እንዴት በዚህ ላይ ኮርቻ ትጭናለህ?’

ይኸው ነው ያሉት፣ ልጅ እንደሚገሥጹ ዓይነት ነው ያሉት፣ ከዚያ ተመልሰው ቦታቸው ተቀመጡ። እኔስ? እኔ የራሴን እጅ አስገባሁ፣ ምነው ባላስገባሁ። ከልብሱ ሥር ትኩስና እርጥብ ነው፣ ያንን የቆየ ጠባሳ ጠርዙን በጣቴ አገኘሁት፣ ስንት ጊዜ ያከምኩት ነው፣ ዓይኔን ተጋርጄም አልስተውም። እጄን መንጭቄ አወጣሁ። መዳፌ ወይን ጠጅ ሆኗል።

ዙሩን እንዴት እንደጨረስኩ አላውቅም፣ ግን ጨረስኩ፣ ጋሽ አደሎ ያቺን ዙር አግኝተዋል። ከቤቱ ጀርባ ወስጄ ኮርቻውን አወረድኩ፣ መስፍን ተከትሎኝ መጥቶ አጠገቤ ቆሟል። ልብሱን ገለጥን። ጥቁር ጀርባ፣ ንጹህ፣ ደረቅ፣ ቀለም የሚባል የለበትም፣ ልብሱም ላይ የለም። ቀለም ያለው እኔ መዳፍ ላይ ብቻ ነው። መስፍን እጄን አየ፣ የፈረሱን ጀርባ አየ፣ ሄዶ አጥር ሥር አስመለሰ። ፈረሱ ደግሞ ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው ራሱን አራገፈና ክንዴን ነከሰኝ።

በኋላ ለቀስተኞቹን እየዞርኩ ጠየቅሁ፣ ምን ዓይነት ፈረስ ነበር የዞረው ብዬ። ጥቁር ነው ያሉኝ አሉ። ሌሎቹ ግን ጥያቄዬ ገርሟቸው ‘ዳማ ነዋ፣ ሌላ ማን ይዞርላቸዋል?’ አሉኝ። መዳፌን በሳሙናም፣ በበረኪናም፣ በአመድም አሸሁት፣ እስኪበቃው ቆይቶ ራሱ ለቀቀኝ።

ቄራው ከዚያ በኋላ ተዘጋ፣ ሰው ስለጮኸ ነው የሚሉም፣ ባለሀብቱ ስለከሰረ ነው የሚሉም አሉ። እኔ አሁንም ክርክር ሲነሳ ቢላ ከጅብ ይሻላል እላለሁ፣ ትምህርቴም ዓይኔም የሚለኝ እሱን ነው፣ ግን እንደ ድሮው ድምፄን ከፍ አድርጌ አልጨርሰውም። ምክንያቱም ጅብ የበላቸውን ፈረሶች ብዙ አይቻለሁ፣ አንዳቸውም ተመልሰው አልመጡም።

እትዬ አስካለ እውነቱን እስከ ዛሬ አልተነገራቸውም፣ መስፍንም አልደፈረ፣ እኔም አልደፈርኩ። በቅርቡ በደጃቸው ሳልፍ ጠሩኝ። የግቢው በር ተከፍቶ ተትቷል፣ አጥሩ ሥር አዲስ የታጨደ ሣር ተቀምጧል፣ ቤቱ ውስጥ ግን ከብት የሚባል የለም። ጤና ይስጥልኝ ተባባልን፣ ስለ ቡናው፣ ስለ ዝናቡ አወራን፣ ልሰናበት ስል ‘ዶክተር፣ አታስብ’ አሉኝ፣ ‘ገጣባው እየደረቀ ነው።’

እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ነጠላቸውን ሊያስተካክሉ እጃቸውን ወደ ትከሻቸው ሲያነሱ መዳፋቸውን አየሁት። ጂቪ በየፋርማሲው እንደሚሸጥ አውቃለሁ፣ ለሰውም ለከብትም እንደሚሆን አውቃለሁ፣ ምናልባት ራሳቸው ቆስለው ይሆናል፣ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። መንገዱ ላይ ከወጣሁ በኋላም ቶሎ ቶሎ ነው የሄድኩት፣ ከኋላዬ የሚመጣ ነገር ካለ ኮቴው እንዳይሰማኝ።