ቀዩ ሣጥን

«ቢኖር ኖሮ እንዴት አላየውም?» አለች አክስቷ፣ በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ትራስ ላይ አስደግፋ። «አለቃዬ ግን ኮምፒውተሩ ላይ አሳየኝ። ማስጠንቀቂያው በቀይ ሣጥን ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። የከዳኝ ዓይኔ ነው መሰለኝ።»

ልጅቷ የአክስቷን ስልክ ለመቀበል እጇን ዘረጋች።

አክስቷ በልብስ ንጽሕና ቤት ልብስ ተኳሽ ናት፤ ሸሚዝ ከእጇ ሲወጣ አዲስ ይመስላል። አዲሱ የእንፋሎት ካውያ ሲገዛ መመሪያው በስክሪን የሚነበብ ይሁን ተባለ። አክስት ሆዬ ታዲያ ማንም ሳይጠይቃት «የእህቴ ልጅ አለችላችሁ፣ እጇ ወርቅ ነው» አለች። ጽሑፉን አለቃው ሰጠ፤ የገጹን አቀማመጥ ልጅቷ ሠራች። በግራ በኩል የሥራው ቅደም ተከተል፣ በቀኝ በኩል ቀዩ ሣጥን። በትምህርት ቤቷ ሰፊ ኮምፒውተር ላይ ሲያዩት ያምራል። በስልክም ከፍታ ማየት ነበረባት፤ «ያው ነው» ብላ ተወችው።

ያው አልነበረም። አሁን የአክስቷን ስልክ ተቀብላ ስትከፍተው ጉዷ ፈላ። ጠባቡ ስክሪን ሁለቱን ጎን ለጎን መያዝ ስላቃተው ሣጥኑን ከገጹ መጨረሻ ጥሎታል። «የውኃውን ክዳን ክፈቱ» የሚለው ከላይ ነው። «እንፋሎቱ ወጥቶ ሳያልቅ ክዳኑን እንዳትነኩ» የሚለው ግን ከሁሉም በታች፣ ማንም ከማይደርስበት ቦታ። አክስቷ የተቃጠለችው መመሪያውን ስላላነበበች ሳይሆን ስላነበበች ነበር።

«ነገ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ እገላገላለሁ» አለች አክስቷ። «ካውያውም እስኪጣራ ቆሟል። ከእንግዲህ ግን የሚያስነኩኝ አይመስለኝም። መደርደሪያ ስወለውል ታየኝ።» ልትስቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም።

ልጅቷ ላፕቶፗን ከፈተች። ሣጥኑን ጎትታ ከክዳኑ ትእዛዝ በላይ አስቀመጠችው። ይኸው ነው፣ አለቀ። ሴቭ ካደረገችው በሁሉም ስልክ ላይ ይስተካከላል፤ ስህተቱ እንደነበረ እንኳ የሚያውቅ አይኖርም። የአክስቷም ስልክ ነገ ማስጠንቀቂያውን ከላይ እያሳየ በአክስቷ ላይ ይመሰክራል። ይህን ስታስብ ራሷን ጠላች።

ስልኩን አቀበለቻት። «ከላይ ጀምረሽ እስከ ታች አንብቢው።»

አክስቷ በደህናው አውራ ጣቷ ገጹን እየገፋች አነበበች። ታች ስትደርስ ቆመች። ተመልሳ ወደ ላይ ወጣች፣ ደግማ ወረደች። ከዚያ የእህቷን ልጅ አየቻት።

«እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ፣ እንባዋ እየመጣ። «በስልክ አላየሁትም ነበር።»

አክስቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እናትሽ እንዳትሰማ። አሁን አስተካክይው በቃ። እኔ እንደሆንኩ አንዴ ተቃጥያለሁ። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ሁለተኛ ሥራ የሚሰጥሽ አታገኚም።»

ላፕቶፑ ላይ «ለውጡ ይቀመጥ?» የሚል ጥያቄ ወጥቶ ይጠብቃል። ልጅቷ «አይቀመጥ» የሚለውን ነካች። ሣጥኑ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ።

«ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትገቢው?»

«ሁለት ሰዓት። ምነው?»

«አብሬሽ እመጣለሁ» አለች ልጅቷ። «ስልክሽን ቻርጀር ላይ ሰኪው፤ አለቃሽ በእሱ ይየው።»