በሁዳዴ ቅቤ የተቀባ ፊት

ወይዘሮ ሸጌ ረቡዕ ቀን በክፍላቸው ሞተው ሲገኙ ፊታቸው ቅቤ ተቀብቶ ነበር። ጊዜው ሁዳዴ ነው። ላሊበላ ላይ በሁዳዴ ቅቤ ተቀብታ የምትገኝ የስድሳ አንድ ዓመት ባልቴት የለችም። ስለዚህ ለቀስተኛው፣ ነገሩ ቢያሳፍርም፣ ከሞታቸው ይልቅ በቅቤው ተደነቀ።

ሬሳውን ያገኘችው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቅዳሴ የተመለሰችው የፔንሲዮናቸው ሠራተኛ ሽታዬ ናት። ኢንስፔክተር ባንችይርጋ ከአልጋው አጠገብ ተንበርክካ ብዙ ቆየች። ከቅቤው ሥር ቆዳው ከግንባር እስከ አገጭ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ ነጥቶ ተልጧል። የሟቿ መነጽር ታጥፎ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። ወለሉ ላይ አንዲት ባዶ ብልቃጥና የውበት ሳሎን ብሩሽ ወድቀዋል። ብልቃጧ የሆስፒታል ኮሪደር ሽታ አላት።

ብሩሹ የረሒማ ነበር። ረሒማ ከፔንሲዮኑ ዝቅ ብሎ ትንሽ የውበት ሳሎን ያላት፣ ሙሽሮችን የምታስውብ የአርባ አምስት ዓመት ሴት ናት። የዚያን ዕለት ጠዋት ከወይዘሮ ሸጌ ክፍል ስትወጣ ታይታለች። የሟቿ የወንድም ልጅ አዳም ግቢው መሃል ቆሞ፣ «በሁዳዴ ቅቤ ያለው የማን ቤት ነው? የእሷ ነዋ!» ብሎ ጮኸ። ሰዉ አጉረመረመ። ባንችይርጋ ብልህ ሴት ናት፤ የዚያን ቀን ግን ብልሃቷን ቤቷ ትታው የወጣች ይመስል ረሒማን አስያዘቻት። ከሠራቻቸው ስህተቶች ሁሉ እስከ ዛሬ አንገቷን የሚያስደፋት ይኸው ነው።

በዘጠነኛው ቀን የአስከሬን ምርመራው ውጤት ከደሴ መጣ። ወይዘሮ ሸጌን የገደላቸው ፌኖል የሚባል ፈሳሽ ነው። የፊትን መጨማደድ ለማጥፋት ቆዳን የሚልጥ፣ ወደ ደም ሲሰርግ ደግሞ ልብን የሚያቆም። የሞቱት እኩለ ቀን አካባቢ መሆኑም ተጽፏል። ዐቃቤ ሕግ ሰኞ በረሒማ ላይ የግድያ ክስ ሊመሠርት ነው። ባንችይርጋ ወረቀቱን ይዛ ወደ እስረኛዋ ሄደች።

«ይህን ነገር ታውቂዋለሽ?»

ረሒማ አንብባ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ያ ረቢ! ይሄን ከየት አመጡት? ይሄ እኮ ሐኪም የሚቀባው ነው፣ የታካሚው ልብ በማሽን እየታየ። ግንባርን ቀብቶ ሩብ ሰዓት ይጠብቃል፤ ከዚያ አንድ ጉንጭ ቀብቶ ደግሞ ይጠብቃል። ሙሉ ፊት በአንዴ ከተቀባ ልብ አይችለውም።»

«መኖሩን ማን ነገራቸው?»

«እኔ ነኝ። ጥፋቴ ይኸው ነው። ሽብሽባቱን ምን ያጠፋልኛል አሉኝ። ጠዋት ጠዋት የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ማታ ሬቲኖል የሚባል የቆዳ ቅባት የአተር ፍሬ የምታህል፣ በሳምንት ሁለቴ ይጀምሩ፣ ስድስት ወር ይታገሡ አልኳቸው። ስድስት ወር አልጠብቅም አሉ። አዲስ አበባ መርፌ አለ፣ የሚልጥም አለ፣ እሱ ግን የሐኪም ነው አልኩ። ምነው አፌን በቆረጠው!»

«ምን አስቸኮላቸው?»

«የልጅ ልጃቸው ክርስትና። ለፎቶው ነው አሉኝ።»

«ብሩሹስ?»

«አራት ሰዓት ላይ ቅንድባቸውን ሠርቼ ስወጣ ተዪልኝ አሉኝ፣ ተውኩላቸው። ቅቤውን ግን ወላሂ አላውቀውም! እዚህ አገር ተወልጄ በሁዳዴ የክርስቲያን ፊት ቅቤ ልቀባ? እኔስ ረመዳን ይዤ የለም እንዴ? ጾም ምን እንደሆነ ይጠፋኛል?» ከዚያ ቀና ብላ አየቻት። «የእርስዎንም ግንባር ፀሐይ በልቶታል። ቅባቱን ቢጀምሩ ጥሩ ነው።»

ባንችይርጋ ሳታስበው ግንባሯን ነካች። ያሰረቻት ሴት ለቆዳዋ ስታስብላት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። ወሬ ለመቀየር ጥግ ላይ ወዳለው ፔርሙስ ጠቆመች። «ይሄን ማን አመጣልሽ?»

«ሰርካለም ናት፣ የእትዬ ሸጌ ልጅ። በሽታዬ እጅ ትልክልኛለች። ከታሰርኩ ጀምሮ የማፍጠሪያ ሾርባ አስቀርታብኝ አታውቅም። አላህ ይስጣት፣ እሷ እንኳ አምናኛለች።»

ባንችይርጋ ፔርሙሱን ትንሽ ቆማ አየችውና ወጣች።

አዳም አስጎብኚ ነው። ቱሪስት ከቀነሰ ወዲህ ግን የሚያስጎበኘው የራሱን ስልክ ነው፤ በማግስቱ ስትሄድ የፔንሲዮኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ሲጎበኝ አገኘችው።

«ብልቃጧን ያመጣሃት አንተ ነህ» አለችው።

«እኔ? ኧረ በዓይኔም አላየኋት!»

«ረሒማ ከወልዲያ ወዲያ ሄዳ አታውቅም። አክስትህ ከከተማው አልወጡም። አንተ ባለፈው ወር አዲስ አበባ ነበርክ።»

አዳም ስልኩን ኪሱ ከተተ። «አክስቴ ናት አምጣልኝ ያለችው። አሳድጋኛለች፣ እንዴት እምቢ ልበላት?»

«መመሪያውስ?»

«በእንግሊዝኛ ነበር። ረጅም ነው። ጣልኩት። ቀቢውና ተይው አልኳት። እንግሊዝኛ እንጀራዬ ነው እኮ፤ ያቺን አንድ ገጽ ግን ለእሷ አላነበብኩላትም። ይሄን ሳልናገር ነው ረሒማ ላይ የጮህኩት።»

«ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ግቢው ጭር ብሎ ነበር። የሰማሁት የሰርካለምን ሕፃን ለቅሶ ብቻ ነው፤ ሩብ ሰዓት ሙሉ ጆሮዬን ስትበጥሰው።»

«ማንም አላባበላትም?»

«እናቷ ተኝታ ይሆናላ። አራስ አይደለች?»

እስከዚያ ቀን ድረስ ሰርካለምን የጠየቃት ፖሊስ የለም። እናቷ ሲሞቱ የሃያ አምስት ቀን አራስ ነበረች። አራስ ከመኝታዋ አትነሣም፤ ክፍሏ ጥያቄ ይዞ መግባትም ነውር ነው። ባንችይርጋም እንደ ሌላው ሰው ነውሩን አክብራ ኖራ ነበር። አሁን በሩን አንኳኳች።

ክፍሉ ከወይዘሮ ሸጌ ክፍል በአንድ ግድግዳ ይለያል። ሰርካለም ሕፃኗን ታቅፋ ተቀምጣለች። ጠጉሯ ቅቤ ጠግቧል፤ ራስጌዋ ላይ ክዳን ያለው የለጋ ቅቤ ሳህን አለ። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች በጨርቅ ተጠቅልለዋል።

«እጅሽን ምን ነካሽ?»

«ገንፎ አቃጠለኝ።»

«እስቲ ልየው።»

ባንችይርጋ ጨርቁን ቀስ ብላ ፈታችው። የጣቶቹ ጫፍ ነጥቶ ተልጧል። መልሳ ጠቀለለችላት።

«እማዬ ስትሞት ተኝቼ ነበር» አለች ሰርካለም፣ ሳትጠየቅ።

«ለረሒማ ሾርባ ትልኪላታለሽ አሉ።»

«ጾመኛ ናት» አለች ዓይኗን ሕፃኗ ላይ እንደተከለች።

ቅዳሜ ጠዋት ባንችይርጋ ሁሉንም በፔንሲዮኑ ምግብ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ሰርካለም ሕፃኗን ይዛ፣ አዳምና ሽታዬ አጠገቧ፤ ረሒማን ደግሞ ሳጅን ደሳለ ከጣቢያ አመጣት። ማንም ቀና ብሎ አላያትም።

«ወይዘሮ ሸጌ ፊታቸውን ራሳቸው አልቀቡም» ብላ ጀመረች ባንችይርጋ። «ያለ መነጽር መስተዋት አያዩም፤ መነጽር አድርጎ ደግሞ ፊት አይቀባም። ፈሳሹ ግን የተለካ ይመስል ከጆሮ ግንድ እስከ ጆሮ ግንድ ደርሷል፣ ዓይን ውስጥ አንድ ጠብታ አልገባም። የቀባቸው ሌላ እጅ ነው።»

«ብሩሹ የማን ነበር ታዲያ?» አለች ሽታዬ ቀስ ብላ።

«ብሩሹ የረሒማ ነው። ረሒማ ግን የወጣችው አራት ሰዓት ላይ ነው፤ እሳቸው የሞቱት እኩለ ቀን። ይህ ፈሳሽ ደግሞ ሁለት ሰዓት የሚያቆይ አይደለም። ረሒማ አቀባቡን ታውቃለች፤ እየቆዩ፣ ክፍል በክፍል። ይህን የቀባው ሰው ግን ፊቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ ጨርሶታል። አላወቀም፣ ቸኩሏልም።»

አዳም አንገቱን ደፋ።

«ወደ ቅቤው ልምጣ። እኛ ሁላችን ቅቤውን የጠላት ሥራ አደረግነው። የተቃጠለ ፊት ላይ ቅቤ የሚቀባ ሰው ግን ማዳን የፈለገ ሰው ነው፤ ጾሙን እንኳ እስኪረሳ የደነገጠ። በዚህ ግቢ በሁዳዴ ቅቤ ያለው አንድ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። እኛ ወደ ረሒማ ቤት ስናይ አጠገባችን ያለውን የአራስ ሳህን አላየንም። በዚያች ሰዓት ሕፃን ሩብ ሰዓት ሙሉ አለቀሰች። እናቷ አጠገቧ ብትሆን ኖሮ ታነሣት ነበር። እናቷ ክፍሉ ውስጥ አልነበረችም። የተጣደፈችውም ያንን ለቅሶ እየሰማች ነው። ጣቶቿን የላጠው ገንፎ አይደለም።»

ባንችይርጋ ወደ ሰርካለም ዞረች።

«ወደ አንቺ የመለሰኝ ግን ሾርባው ነው፣ ሰርካለም። እናቷን ገደለች ለተባለች ሴት በየቀኑ ማፍጠሪያ የምትልክ ልጅ ወይ ጻድቅ ናት፣ ወይ እውነቱን ታውቃለች።»

ሰርካለም ሕፃኗን ለሽታዬ ሰጠቻት። አልካደችም።

«እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አንቺ ቀቢኝ ብላ ለመነችኝ። ግንባሯን ስጨርስ ልጄ ማልቀስ ጀመረች። ቶሎ ልገላገል ብዬ ሁሉንም ቀባሁት። አቃጠለኝ ስትል ሮጬ ቅቤ አመጣሁ። ስቀባት ዝም አለች።» የተጠቀለሉ ጣቶቿን አየች። «ዝም ስትል ተሻላት ብዬ ደስ አለኝ።»

«ለምን ነበር ይህን ያህል የፈለጉት?»

«በእኔ ምክንያት ነው። ልጄ የተወለደች ዕለት የተነሣነውን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ስለጥፈው እማዬን ቆርጬ አወጣኋት። ፊትሽ ሕፃኗን ያስፈራል ብዬ ቀለድኩ። እሷም ሳቀች። ሳቀች እኮ!» ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ረሒማን ሲይዟት ነገ ይለቋታል አልኩ። ሲቆይ ደግሞ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ መባሉን ፈራሁ። ሾርባውን ስልክ ትንሽ ይቀለኝ ነበር።»

ረሒማ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። «እኔ ደግሞ በየማፍጠሪያው ለአንቺ ዱዓ አደርግ ነበር። አንዲት ሰው አምናኛለች ብዬ።»

«ይቅር በይኝ፣ እትዬ ረሒማ።»

«ዛሬ አልችልም። ዛሬ አትጠይቂኝ።»

ሰርካለም በቸልተኝነት ሰው በመግደልና እውነቱን በመደበቅ እንደምትጠየቅ ተነገራት። አራስ ስለሆነች ሳጅን ደሳለ እቤት እየጠበቃት እንዲቆይ ታዘዘ። ባንችይርጋ ረሒማን አስከትላ ወደ በሩ ወጣች።

«መኪናው ሳሎንሽ ድረስ ያደርስሻል» አለቻት።

«መኪና አልፈልግም። የያዛችሁኝ ዕለት እጄን በካቴና አስራችሁ ሰው እያየኝ በእግሬ ነው የወሰዳችሁኝ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ገበያው ሞልቷል። በእግሬ ይመልሱኝ። እርስዎ ራስዎ።»

ባንችይርጋ ከጎኗ ሆና ቁልቁለቱን ወረደች። ገበያው መግቢያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ሚዛኗን አስቀምጣ፣ «ይቺ ገዳይዋ አይደለች እንዴ?» አለች ለጎረቤቷ።

ባንችይርጋ ቆመች። «አይደለችም። ያለጥፋቷ ያሰርኳት እኔ ነኝ» አለች።

«አልሰሙም» አለች ረሒማ፣ ገበያተኛውን እያየች። «ጮክ ይበሉ።»

ባንችይርጋ ጮክ ብላ ደገመችው።