ነይ፣ መንገዱ ሰላም ነው

«አልጻፍኩም።»

«ወንድም የኋላሸት፣ ምልክቱ እኮ አረንጓዴ ነው።»

«አረንጓዴም ይሁን ቢጫ፣ አልጻፍኩም አልኩህ።»

«ታዲያ ማን ጻፈው? ስልክህ ብቻውን ጻፈ?»

ከዚህ የሽማግሌዎች ክርክር ልጀምር። ዝም ያልኩት እዚህ ላይ ነውና።

የምነግራችሁ የሆነ ነገር ነው። ማመን የማይፈልግ አይመን፤ እኔም ባላምን ደስ ባለኝ። ቀኑ እሑድ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ፣ ቦታው እንጅባራ፣ የጸሎት ጉባኤያችን ትንሿ አዳራሽ። ሐምሌ ነበር። ጉሙ መስኮቱ ድረስ መጥቶ ቆሟል።

ስሜ ዮናዳብ ነው። ኮምፒውተር እጠግናለሁ።

ኢንተርኔት በሌለበት ወራት ለጉባኤያችን የራሳችንን የመልእክት መለዋወጫ ሠራሁ። አንድ ሰርቨር እንጅባራ፣ አንድ ሰርቨር ዳንግላ። በመሀላቸው ሽቦ የለም። የሚያገናኛቸው አበረ ነው።

አበረ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ከወንበሩ ሥር ትንሽ ሳጥን አስቀመጥኩለት። ሚኒባሱ ዳንግላ ሲደርስ ሳጥኑ የዚያን መልእክት ይጭናል፤ እንጅባራ ግቢያችን ሲገባ ያራግፋል።

«ወሬ ጭኜ ስሄድ ትራፊክ አይቀጣኝም፤ ከሰው ይሻላል» ይል ነበር።

ሰዉ ግን አንድ ነገር ፈራ። በሌላ ሰው ስም የሚጽፍ ቢኖርስ?

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ቁልፍ ሠራሁለት። ስልኩ ውስጥ ብቻ የሚኖር ረጅም የምስጢር ቁጥር ነው። የሚመዘገብ ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት ቆሞ፣ ስልኩ የሚያሳየውን ስድስት ቃል ጮክ ብሎ ያነባል። የምስክሮቹ ስልክም ያንኑ ካሳየ ስሙ ጎን አረንጓዴ ምልክት ይወጣል። ከዚያ በኋላ አረንጓዴ ያለበት መልእክት የዚያ ሰው ነው። በቃ።

ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ጋሽ የኋላሸት መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ሲያነቡ አዳራሹ ሙሉ ሳቀ። «ስጋባ እንኳ እንዲህ አልተጠየቅኩም» አሉ።

አንድ ነገር ለማንም አልተናገርኩም።

የሁሉንም ቁልፍ ቅጂ አስቀርቼ ነበር።

ትልልቅ ሰዎች ስልክ ይጥላሉ፤ ሲጥሉ እመልስላቸዋለሁ ብዬ ነው። በአንዲት ፍላሽ ላይ። ሳስቀምጠው ክፉ አላሰብኩም...

ርሆቦት የጋሽ የኋላሸት ልጅ ናት። እጮኛዬ። ዳንግላ መድኃኒት ቤት ትሠራ ነበር። ክረምቱ ከባድ ነው፣ መንገዱም አያስተማምንም ብለው አባቷ እንዳትመጣ ከለከሏት። ሦስት ወር አላየኋትም። ነይ ብዬ በጻፍኩላት ቁጥር መልሷ አንድ ነበር።

«አባዬ ካላለ አልመጣም።»

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፍላሹን ሰካሁ። በአባቷ ቁልፍ ጻፍኩ።

«ነይ፣ መንገዱ ሰላም ነው።»

አረንጓዴው ወጣ።

ፍላሹን ነቅዬ ወደ ጥገናዬ ተመለስኩ። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ እሱ ነው።

በማግሥቱ ተነሣች። መሀል መንገድ ላይ ያለችውን ከተማ፣ አዲስ ቅዳምን፣ እንዳለፉ ጎማ ፈነዳ። ጉሙና ገበሬዎች ከሰል የሚያከስሉበት ጭስ ተቀላቅሎ አምስት እርምጃ አያሳይም ነበር። መንገደኛው ወረደ። አበረ ጎማ ቀየረ። ተመልሰው ሲሳፈሩ...

አንድ ወንበር ባዶ ቀረ።

ሦስት ቀን ፈለግናት። የአካባቢው ገበሬ ሁሉ ወጣ። ለከሰል የሚተከለው ዛፍ፣ ዲከረንሱ፣ በረድፍ በረድፍ የተተከለ ነው፤ ሰው የሚጠፋበት ደን አይደለም። የእግሯ ዱካ ከአስፋልቱ ወርዶ በሁለት ረድፍ መሀል ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አልሮጠችም። አልተደናቀፈችም። ሰው ጠርቷት እንደምትሄድ ነው የሄደችው።

ከዚያ ዱካው ያበቃል። ጭቃው ይቀጥላል፤ ዱካው የለም።

በአራተኛው ቀን አበረ ግቢ ሲገባ የጋሽ የኋላሸት ስልክ ጮኸ።

ከርሆቦት። አረንጓዴ።

«አባዬ፣ ጎማ እየቀየሩ ነው። ጉም ነው።»

«ሳጥኑ ውስጥ የቆየ ነው» አልኳቸው። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

በማግሥቱ ሌላ መጣ።

«አባዬ፣ ከዛፎቹ መሀል የምትጠራኝ አንተ ነህ?»

ከዚያም ሦስተኛው...

«መጣሁ። ግን ለምን በአገውኛ አትጠራኝም?»

ጋሽ የኋላሸት ስልኩን ይዘው ሱቄ መጡ። በሩ ላይ ቆሙ እንጂ አልገቡም።

«ልጄ፣ ስጽፍላት በአማርኛ ነው። በአፌ ግን ከተወለደች ጀምሮ በአማርኛ ጠርቻት አላውቅም።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ማነው የጠራት?»

ስልኩን ደረታቸው ላይ አድርገው ሄዱ።

በማግሥቱ የመጣው ይህ ነው።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትለው። ነይ፣ መንገዱ ሰላም ነው። ሌላ አትልም። ለምን ሌላ አትልም?»

ያን ዕለት የሰርቨሩን መዝገብ ከፈትኩ። በጋሽ የኋላሸት ቁልፍ ለርሆቦት የላክሁት አንድ ነው።

መዝገቡ ላይ ሰባት ነበር።

ሁሉም አረንጓዴ። አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ሁሉም የእኔው ዓረፍተ ነገር ናቸው።

ፍላሹን በድንጋይ ቀጠቀጥኩና ሽንት ቤት ጉድጓድ ጣልኩት።

በማግሥቱ ስምንት ሆነ።

እንግዲህ ወደ አዳራሹ ልመለስ። ከጠፋች ሁለተኛው እሑድ ነው። ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፔ ተከፍቷል። የመጀመሪያዋን የቅዳሜዋን መስመር ብቻ እንዲያዩ አድርጌአለሁ፤ ላኪው፣ ተቀባይዋ፣ ምልክቱ። ሌሎቹን ደብቄአለሁ።

ማርታ የርሆቦት የሥራ ባልደረባ ናት። ለምስክርነት ከዳንግላ አበረ ነው ያመጣት።

«ስልኳን አሳይታኛለች» አለች። «ደስ ብሏት ነበር። አባዬ ፈቀደ አለችኝ።»

ጋሽ ምስጋናው የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ናቸው። ጋሽ የኋላሸት የአርባ ዓመት ጓደኛቸው ናቸው።

«መሳሳት ሌላ፣ መዋሸት ሌላ» አሉ። «ጻፍኩ በልና አብረን እናልቅስ። አልጻፍኩም ካልክ ግን ከሽምግልናህ ትነሣለህ።»

«ያልጻፍኩትን ጻፍኩ ልበል?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ጋሽ ምስጋናው ጠየቁኝ።

«ዮናዳብ፣ የሠራኸው አንተ ነህ። ሌላ ሰው በእሱ ስም መጻፍ ይችላል?»

ጋሽ የኋላሸት አዩኝ። ፊታቸው ላይ ፍርሃት አልነበረም። እውነቱን የሚያውቅ ሰው ተጠየቀልኝ ብለው ነው ያዩኝ።

...

«አይችልም» አልኩ።

መነጽራቸውን አወለቁ። በጋቢያቸው ጫፍ ብዙ ጠረጉት።

«እንግዲያ ጽፌው ይሆናል» አሉ ቀስ ብለው። «አርጅቻለሁ። ምልክቱ ካለ... ጽፌው ይሆናል።»

ማርታ አለቀሰች። ጋሽ ምስጋናው የጋሽ የኋላሸትን ትከሻ ያዙ። ከዚያ ቃለ ጉባኤው እንዴት ይጻፍ የሚል ክርክር ተነሣ፤ «አመነ» ይባል ወይስ «ተጸጸተ»።

ልነግራቸው ወሰንኩ። ተነሥቼ አጠገባቸው ሄድኩ።

«ጋሼ...»

ስልካቸው ጮኸ።

ሚኒባሱ ከረፋዱ ጀምሮ ግቢ ቆሟል። ያመጣውን አራግፏል። የሚመጣ መልእክት አልነበረም።

አነበቡት። ፊታቸው ሲፈታ አየሁ። ስልኩን ወደ እኔ አዘነበሉት።

«አባዬ፣ ና። መንገዱ ሰላም ነው።»

ከርሆቦት። አረንጓዴ።

«አይሂዱ» አልኩ በሹክሹክታ።

«ለምን?»

«እሷ አይደለችም።»

«ምልክቱ አለ እኮ፣ ልጄ።»

«ቢኖርም...»

«አሁን አንተው አልክ። ሌላ ሰው መጻፍ አይችልም አልክ።» አልተቆጡም። ከልባቸው ነበር የሚጠይቁኝ። «ይችላል እንዴ?»

ይችላል ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አንድ ቃል። ያችን ቃል ባወጣ ይቀመጡ ነበር፤ ስማቸውም ይመለስ ነበር።

ጋሽ ምስጋናው «ተጸጸተ ይሻላል፣ ለስለስ ይላል» እያሉ ነው።

ጋሽ የኋላሸት ትንሽ ጠበቁኝ። ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡ።

ማንም ቀና አላለም።

ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። በመስኮቱ በኩል ጉሙ ውስጥ የሚኒባሱ መብራት በራ። የጎን በሩ ከውስጥ ተንሸራትቶ ተከፈተ። ጋሽ የኋላሸት አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ለሹፌሩ ሰላምታ ሰጡ። ገቡ። በሩ ተዘጋ።

ሚኒባሱ ቀስ ብሎ ከግቢው ወጣ። ወደ አዲስ ቅዳም ታጠፈ።

አበረ አጠገቤ ተቀምጧል። የሚኒባሱ ቁልፍ ሌባ ጣቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ሻዩን እፍ እያለ ይጠጣል።

«ስኳር አቀብለኝ እስኪ» አለኝ።

አቀበልኩት።