የደጋኑ ፒስተን

ውሸታም ነው የምትሉ እለፉት። ይሄ በእኔ በሞላልኝ ላይ የደረሰ ነው። ባለፈው ጥር፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሎጎ ሐይቅ መሃል።

ኮምቦልቻ ብየዳ ቤት አለኝ። የእህቴ የሰርካዲስ ባል አግማስ ዓሣ አጥማጅ ነው። ለጀልባው ሸራ ሠራሁለት። መረብ ሲጥል ግን ሁለት እጁ ስለሚያዝ መሪውን የሚይዝለት የለም። ስለዚህ ኮምፓስ እያነበበ መሪውን የሚገፋና የሚስብ ነገር ልገጥምለት ሆነ።

ምርጫው ሁለት ነበር። አንዱ የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ሞተር... ደካማ ነው፣ በእጅ ከያዙት ይቆማል። ሌላው ደጋን ከተማ ያገኘሁት የከባድ መኪና መሪ ፒስተን።

«ትንሿ ትበቃኛለች» አለ አግማስ።

«ማዕበል ሲመጣ በጥርስህ ልትይዘው ነው?» ብዬ ሳቅኩበት።

ግትር ነኝ። ያልኩት ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም።

እዚያው ደጋን አሮጌ ዕቃ የሚሸጡት ሐጂ መሕሙድ ፒስተኑን በባዶ እጃቸው አልነኩትም። በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ።

«ልጄ... ለመሪ እንዳታደርገው።»

«ለምን ሐጂ? ጤነኛ ነው ብለውኝ የለ?»

«ወላሂ ጤነኛ ነው። ሾፌሩ ወደ መንገዱ ሲጠመዝዝ፣ እሱ ወደ ገደሉ ገፋ... ስድስት ሰው ቀበርን።»

ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ።

ብየዳ ቤት አሳደርኩት። ጠዋት የሚገፋው ዘንግ ከውስጡ ወጥቶ አገኘሁት። መለስኩት።

በማግስቱም ወጥቷል... የግድግዳውን ብሎኬት ሰንጥቆ።

ዘይት አልሞላሁበትም። ባትሪም አልነበረውም።

ለአግማስ አልነገርኩትም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እልህ ይዞኝ ነበር።

ዘይት ሞልቼ፣ ባትሪ አያይዤ ጀልባዋ ላይ ገጠምኩት። ልንሞክረው በወጣን ቀን አንድ ሰዓት ያህል ቀጥ አድርጎ ወሰደን። አግማስ መረቡን እየጣለ ይዘፍን ነበር።

ከዚያ ነፋሱ ቆመ።

ጀልባዋ ግን... መዞር ጀመረች።

«ሞላ...» አለኝ በሹክሹክታ። «ማነው የሚያዞራት?»

መሪውን ሊመልስ ጎንበስ አለ። የመሪው እንጨት ቀኝ ክንዱን ከጀልባው ጠርዝ ጋር አጣበቀው።

አጥንቱ ቀጭ አለ።

«አጥፋው! ሞላ፣ አጥፋው!»

የባትሪውን ሽቦ በጠስኩ... አልቆመም።

የዘይት ቱቦውን ቆረጥኩ። ዘይቱ ፊቴ ላይ ተረጨ... አልቆመም። ቀስ እያለ፣ ሳይቸኩል፣ ክንዱን ጨፍልቆ ደረቱ ላይ ደረሰ።

በመዶሻ ቀጠቀጥኩት። ብሎኑ ተሰበረ። ፒስተኑን ነቅዬ ውሃ ውስጥ ወረወርኩት።

ዘግይቼ ነበር። አግማስ ደም እየተፋ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«ትንሿ... ትበቃኝ ነበር።»

ሞተ።

እኔ ነኝ የገደልኩት። አቅፌው እንደ ሴት ልጅ እዬዬ አልኩ።

ያኔ የተሰበረው ክንዱ ደረቴን ነካኝ። የጀልባዋ መወዛወዝ መሰለኝ።

ገፋኝ።

በሁለት እጄ ልመልሰው ታገልኩ... አልቻልኩትም። የጎን አጥንቴ ሲሰበር በጆሮዬ ሰማሁት። እንደምንም ተፈናጥሬ ውሃው ውስጥ ወደቅኩ።

ቀና ስል አግማስ ተቀምጧል። አንገቱ ተንጠልጥሏል። ክንዱ መሪው ላይ ነው።

ጀልባዋ ያለ ነፋስ፣ ቀጥ ብላ፣ ወደ ዳር ትሄዳለች...

ዳር ላይ ሰርካዲስ ምሳ ይዛ ቆማለች። ባሏን አይታ እጇን ታውለበልባለች።