ስድስት ከረጢት አሸዋ

ከረጢቶቹን የሰፋኋቸው እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ሌላ ሰው ሥራዬን የራሱ ሲያደርገው አልወድም። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ስፌቴን ግን ዓይኔን ጨፍኜ በእጄ ዳብሼ አውቀዋለሁ።

የምሠራው የተሽከርካሪ ፍተሻ ጣቢያ ውስጥ ነው። አዲስ ዓይነት መኪና ለሽያጭ ከመውጣቱ በፊት እዚያ መጥቶ ይፈተናል፤ ይገለበጥ እንደሆነ፣ ፍሬኑ ይይዝ እንደሆነ፣ ቀበቶው ሰው ያድን እንደሆነ ይታያል። እኔ የተቀደደ ወንበር እጠግናለሁ፣ ለጭነት ፈተና የሚሆን የሸራ ከረጢት እሰፋለሁ። መርማሪዋ የወንድሜ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞትባት በሦስት ዓመቷ ተቀብዬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አባቷንም እኔንም ትመስላለች፤ ማለትም ግትር ናት።

ያን ሰሞን አንዲት መካከለኛ ፊልድ መኪና መጣች። ለዳገትና ለኮረኮንች የተሠራች፣ እግረ ረጅም፣ ደረተ ሰፊ፣ ሲያዩአት የምታስጎመጅ። ከእሷ ጋር ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ የኩባንያው የሽያጭ ኃላፊ ነው፤ በሐሩርም በዝናብም ከአንገቱ ስለማያወልቀው «ከረባት» አልነው። ሁለተኛው የሙከራ ሹፌሩ ነው፤ ቁመቱ ሎጋ፣ አንደበቱ ቁጥብ።

ሁለት ሳምንት ፈተሿት። የወንድሜ ልጅና ሹፌሩ መጀመሪያ ስለ ጎማ አወሩ፣ ቀጥለው ስለ ፍሬን፣ ከዚያ ምንም ሳያወሩ መተያየት ጀመሩ። እኔ ደግሞ ዕውር አይደለሁም።

«ይሄ ልጅ አንድ ጎማ በቀን ስንቴ ነው የሚለካው?» አልኳት።

«ሥራው ነው፣ እቴቴ።»

«አንቺ አጠገቡ ስትቆሚ ብቻ ነው እንዴ ጎማው የሚተነፍሰው?»

ሳቋን በያዘችው ወረቀት ሸፈነችው።

የመጨረሻው ፈተና ድንገተኛ መታጠፍ ነበር። መኪናዋ ጣራዋ ላይ ስድስት ከረጢት አሸዋ ተጭኖባት በፍጥነት ትሄዳለች፤ እንስሳ ዘሎ የገባባት ያህል መሪዋ ወደ ግራ፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል። መርማሪዋ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣ የመለኪያውን ቁጥር ታነባለች። የጣቢያው ደንብ ነው። ሌላም ደንብ አለ፤ ባለንብረቱ መኪናዋ ከዚህ በፊት ተገልብጣ እንደምታውቅ ካስመዘገበ፣ ከግራና ከቀኝ ደጋፊ ብረት ይታሰርላታል፣ ከሹፌሩ በቀርም ማንም አይሳፈርባትም። ከረባት «ተገልብጣ አታውቅም» ብሎ ፈርሟል።

ጠዋት ከረጢቶቹ ተመዘኑ። ከምሳ በኋላ ሹፌሩ ብቻውን ጫናቸው፤ ሁለት ሁለቱን ትከሻው ላይ እያደረገ፣ ትራስ የተሸከመ ይመስል።

«ጉልበቱን አየሽው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«አየሁት» አልኩ። እኔም ሞኟ ተደንቄ ነበር።

መኪናዋ ሄደች፣ ታጠፈች፣ ቀጥ ብላ ቆመች። ጎማዋ የጥፍር ያህል እንኳ ከመሬት አልተነሳም። የወንድሜ ልጅ ዓይኗ እያበራ ወረደች፤ በመኪናዋ ማለፍ ይሁን በሌላ፣ እሷ ታውቃለች።

ከረጢቶቹ ከጣራ ሲወረወሩ አንዱ ተቀደደና እንድጠግነው ወደ እኔ መጣ። ገና ሳነሳው ቀለለኝ። የአፉ ስፌት የእኔ አይደለም፤ እኔ ክሩን ሁለት ጊዜ እቋጥራለሁ፣ ይሄ እንደ ጫማ ማሰሪያ የተቋጠረ ነው። ቀዳዳውን ጎተት ሳደርገው ሰጋቱራ ጉልበቴ ላይ ተዘረገፈ። ጎናችን ካለው የእንጨት ሥራ ቤት የሚወጣው ብናኝ!

ደሜ ፈላ። ከረጢቱን እየጎተትኩ ቢሮ ገባሁ። የወንድሜ ልጅ እስክሪብቶ ይዛ ልትፈርም ጎንበስ ብላለች፤ ከረባት አጠገቧ ቆሞ ፈገግ ይላል፤ ሹፌሩ በሩን ተደግፏል። ሰጋቱራውን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለ ከረባት ልብሱን እያራገፈ።

«አንተን አላናገርኩም። ከረባትህን ላላ አድርግና ተንፍስ!» ወደ ሹፌሩ ዞርኩ። «ስፌቴን የፈታው ማነው?»

ይክዳል ብዬ ነበር። አልካደም።

«እኔ ነኝ፣ እማማ። በምሳ ሰዓት።»

የወንድሜ ልጅ እስክሪብቶውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ያ ቀስ ማለቷ ከጩኸት ይልቅ አስፈራኝ።

«ለምን?» አለችው።

«ባለፈው ወር ግቢያችን ውስጥ በአሸዋ ሞክሬያት በጎኗ ተኛች።» እጅጌውን ሰበሰበ፤ ክርኑ ላይ ገና ያልሻረ ቁስል ነበር። «ዛሬ አጠገቤ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ። አልቻልኩም።»

«ዝም በል አንተ!» አለ ከረባት።

«ዝም ብሎ አይደል እዚህ የደረሰው?» አለች፣ ዓይኗን ከሹፌሩ ሳትነቅል። «አፍ አልነበረህም? አንዲት ቃል ብትተነፍስ ደጋፊ ብረት ይታሰርላት ነበር፤ እኔም አልሳፈርባትም ነበር!»

«ሥራዬን እንዳላጣ ፈራሁ። አንቺንም እንዳላጣ ፈራሁ።»

«እኔን አተረፍክ። ነገ ገዝቷት ልጆቹን ከኋላ፣ ዕቃውን ከላይ ጭኖ የሚሄደውንስ? በእኔ ፊርማ ልትገድለው ነበር!»

«ያሰብኩት አንቺን ብቻ ነው።»

«እሱ ነው ያንገበገበኝ!»

እንዲህ ሲሏት እንደ ቅቤ የምትቀልጥ ሴት ሞልታለች። እኔ ያሳደግኳት ግን ወረቀቱን ለሁለት ቀደደችው።

«ነገ ጠዋት» አለች። «በአሸዋ። በደጋፊ ብረት።»

በማግስቱ ከረጢቶቹን እኔው ሞላሁ፣ እኔው ሰፋሁ፣ እስኪጫኑ ድረስም ላያቸው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳቸው። ጣቢያው የራሱ ሹፌር ነበረው፤ ያ ሎጋ ግን «የደበቅኩት እኔ ነኝ፣ እኔው ላውጣው» ብሎ ለመነ። መለኪያው ባዶው ወንበር ላይ ታሰረ። ሹፌሩ ሲገባ የወንድሜ ልጅ ተከትላው ሄዳ ቀበቶውን ራሷ አሰረችለት። ሳበችው። ደግማ ሳበችው።

«ጠበቀ» አላት።

«ይጥበቅ።»

እጇ ማሰሪያው ላይ ትንሽ ቆየ። ተያዩ። ከዚያ በሩን በላዩ ላይ ጓ አድርጋ ዘጋችው።

መኪናዋ መጣች። ወደ ግራ ታጠፈች፤ ወደ ቀኝ ስትመለስ የቀኝ ጎማዎቿ ሁለቱም ከመሬት ተነሱ። የግራው ደጋፊ ብረት አስፋልቱን እየፋቀ ጮኸ፣ እሳት ተፋ። ያ ብረት ባይኖር በጣራዋ ትተኛ ነበር። የልጁ ጭንቅላት እንደ አሻንጉሊት ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ከሩቅ አየሁት። የተናደድኩበት እኔው «ያውጣህ!» ብዬ ጮኽኩ።

እሷ አልሮጠችም። ጥርሷን ነክሳ ተራመደች፣ በሩን ከፈተች፣ ቀበቶውን ፈታች። እጇን ስታነሳ በጥፊ ልትለው ነው ብዬ ነበር። ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ግራና ቀኝ አገላብጣ አየችው። ደኅና መሆኑን ስታረጋግጥ ግንባሯን ትከሻው ላይ ጣለችው።

ሪፖርቱን እዚያው ኮፈኑ ላይ ዘርግታ ጻፈችው። መኪናዋ ፈተናውን ወደቀች። ከዚያ የመጨረሻውን አንቀጽ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችለት፤ ኩባንያው መኪናዋ መገልበጧን እያወቀ መደበቁን፣ የትናንቱ ጭነት በሰጋቱራ መለወጡን፣ የለወጠውም ሹፌሩ መሆኑን።

«ይሄ ከተላከ ዳግም ለሙከራ መሪ የሚያስይዘኝ የለም» አላት።

«አውቃለሁ።» እስክሪብቶውን ዘረጋችለት። «ካልፈረምክበት የእኔ ክስ ብቻ ነው። ከፈረምክ ግን ያንተ ቃል ይሆናል።»

ከረባት ከሩቅ ጣቱን ቀሰረ። «ከፈረምክ ቁልፉን አስረክብ!»

ሹፌሩ መጀመሪያ ቁልፉን ኮፈኑ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ፈረመ።

ከሥራ ስንወጣ ከጣቢያው በር ላይ ቆሞ አገኘነው።

«አሁንም ተናድጃለሁ» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«እስከ መቼ እንደሆነም አላውቅም።»

«እጠብቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ያስቆምሃል? አብረኸኝ እየሄድክ ጠብቅ።»

ሄዱ። መጀመሪያ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሰው ያሳልፍ ነበር። መንገዳችን ላይ ያለው ድልድይ ጋ ሲደርሱ ነፋስም አያሳልፍም። የእኔ ንዴት ግን ገና ትኩስ ነው፤ ማንንም ቀና ብዬ ሳላይ ቀድሜያቸው አለፍኩ።

ቤት ስገባ በሩን ክፍት ተውኩት።