የእጅ ፍሬኑ ተይዞ ነበር

ይሁኔ የእጅ ፍሬኑን ይዞ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ሌላውን ባታምኑኝ እንኳ ይህቺን እንድትይዙልኝ ነው፣ ምክንያቱም ይሁኔ ልጆች የሚያሳድግ ምስኪን ሾፌር ነው፣ «ፍሬን ሳይዝ ወርዶ ሰው ሊፈጅ ነበር» ተብሎ ሥራውን ተነጥቋል፣ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ቁልፍ የሚሰጠው ባለመኪና ጠፍቷል፣ መናኸሪያ ብቅ ሲል ጓደኞቹ «ለጎማው ታኮ ድንጋይ አቀብሉት!» እያሉ ይስቁበታል። እኔ ጋቢና አጠገቡ ተቀምጬ በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝ፣ ቃሌን ግን የተቀበለኝ የለም።

ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሴት አይደለሁም፣ እመኑኝ። ጎረቤቴ «ጥርባ ሐይቅ ዳር ማታ ማታ ከበሮ ይመታል» ስትለኝ ጆሮሽን ታጠቢ ነው ያልኳት፣ ሙት አየሁ የሚለኝንም ጠላውን ማን ቤት ጠጣህ ብዬ ነው የምጠይቀው። ያን ቀን ያየሁትን ግን ምን ብዬ ልጠይቀው?

ሐምሌ ነው፣ ጥሊሊ ያለች አራስ ልጄን ጠይቄ በጠዋቱ ሚኒባስ ወደ እንጅባራ ስመለስ ነው፣ የእኛን አገር የክረምት ጉም ታውቁት የለ፣ የበሬህን ጭራ ይዘህ ቀንዱ የማይታይህ ጉም ነበር። ወደ ጥርባ የሚያስገባው የጠጠር መንገድ አጠገብ አቀበቱን ስንጀምር ከጣሪያው ላይ የአንዱ ሰውዬ የድንች ጆንያ ወደቀና ድንቹ አስፋልቱን ሞላው። ይሁኔ አቆመ፣ ተሳፋሪው በሙሉ ድንች ሊለቅም ወረደ፣ እኔ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ቀረሁ።

«እማማ፣ እርስዎ ይረፉ፣ መጣሁ» አለኝ ይሁኔ።

«አቀበት ላይ ጥለኸኝ ልትሄድ?»

«የእጅ ፍሬን ይዣለሁ እኮ፣ ይመልከቱ!» ብሎ ሳበው፣ ክርር ክርር ክርር አለ፣ እጀታው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ማርሽስ?»

«አስገብቻለሁ።»

«ድንጋይስ?»

ሳቀብኝ። «እማማ፣ ፈረስ መሰለችዎት እንዴ?»

«ፈረስማ ብትሆን መች እጨነቅ ነበር፣ ፈረስ ሲጠሩት ይሰማል!»

ለእኔ ብሎ ትልቅ ድንጋይ አምጥቶ ከኋላ ጎማዋ ሥር አስገባ፣ እንድሰማም በእግሩ ሁለት ጊዜ መታው፣ ሞተሩ ጠፍቷል፣ ቁልፉንም ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ሲከት አይቻለሁ። ከዚህ በላይ አንድ ሰው ምን ያድርግ?

ከኋላ ባለድንቹ ይጮሃል፣ «አንተ ሰውዬ፣ እግርህ ሥር ነው፣ ልትጨፈልቀው ነው እንዴ!» ሰው ይስቃል፣ እኔም ብቻዬን እስቃለሁ። ከዚያ ከወለሉ ሥር አንድ ነገር ቋ አለ። ጎንበስ ብዬ አዳመጥኩ። በመስኮቴ በኩል አንዲት የእንጆሪ ቁጥቋጦ ነበረች፣ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ሄደች፣ ቁጥቋጦ ይሄዳል እንዴ? ብዬ ስደነግጥ ሌላዋም ተከተለቻት።

«ማነው የሚገፋው? ተዉ እንጂ!» አልኩ። የሚገፋ የለም። የሰዎቹ ድምፅ እየራቀ ነው፣ ከጎማው ሥር የአስፋልቱ ዳር ጠጠር ቅርጭጭ ይላል፣ ወደ ኋላ ብትንሸራተት ባልገረመኝ፣ መኪናዋ ግን ወደ ፊት፣ ሽቅብ፣ ልክ ቤቱን እንደሚያውቅ ፈረስ በእርምጃ ትሄዳለች! መሪው ማንም ሳይነካው ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ዞረ፣ አስፋልቱን ለቀን ወደ ጠጠሩ ገባን።

የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጄ ያዝኩት፣ አዎ ነክቼዋለሁ፣ አልደብቅም፣ የነካሁት ግን ልስበው ነው፣ እሱም እንደ ምሰሶ ደርቆ እላይ ቆሟል፣ ከዚያ በላይ የሚሳብበት ቦታ የለውም። «ቁሚ!» አልኳት። በአማርኛ ስትንቀኝ በአዊኛ ጮህኩባት፣ አያቴ ለእልኸኛ በቅሎ የምትለውን ሁሉ አወረድኩባት። መስማቷን እንጃ፣ ዳገቱን ጨርሳ ቆመች። አንዴ ብቻ ወዝወዝ አለች።

አሁን የምነግራችሁን እኔም ለራሴ ደጋግሜ ነግሬው አልለመድኩትም። እጀታው በሁለት እጄ መሐል እንደተያዘ፣ ሳይንቀሳቀስ፣ ክርር ክርር ክርር አለ፣ ሰው እንደሚስበው። ጉሙ ከመስታወቱ ፊት ገለል ሲል ከፊት ለፊቴ መሬት የለም። ታች፣ ሩቅ፣ የጥርባ ውኃ ጥቁር ሆኖ ተኝቷል።

ይሁኔ እያለከለከ ደርሶ በሩን ከፈተ፣ ቁልፉ ከኪሱ አልወጣም ነበር፣ ፍሬኑ እላይ እንደቆመ አየ፣ ባለድንቹም አይቶ አማተበ። ይሁኔ መኪናዋን ወደ አስፋልቱ ሲመልሳት ድንጋዩ እዚያው ያስቀመጠበት ቦታ ተቀምጧል፣ እሱ ኋላዋን ሲጠብቅ እሷ ወደ ፊት ሄደች።

እንጅባራ ስንደርስ የመኪናዋ ባለቤት አቶ ፈንታሁን ወሬው ቀድሞን ደርሶት መናኸሪያ ቆሞ ጠበቀን። እሱ መጮህ ሲጀምር ያ ያማተበው ባለድንች እንዳላየ ሆኖ ጆንያውን መፈለግ ጀመረ።

«ሽቅብ የሚንሸራተት መኪና የለም!» ይላል፣ «ስለዚህ ቁልቁል ነው የሄደችው፣ ቁልቁል ከሄደች ፍሬን አልተያዘም!»

«እኔ ውስጧ ነበርኩ» አልኩት።

«እማማ፣ በጉሙ ተምታትቶብዎት ነው።»

«በዚያ ዳገት እንጨት ተሸክሜ ያደግሁ ሴት ሽቅብና ቁልቁል ይምታታብኛል?»

ሰው ሳቀ፣ እሱም የይሁኔን ቁልፍ ሰው ፊት ተቀበለው።

ልተወው እችል ነበር፣ ግን እንዴት ብዬ! አቶ ፈንታሁን የቆርቆሮና የምስማር ሱቅ አለው፣ በየገበያው ቀን እየሄድኩ ደንበኛው መሐል ቆሜ አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቀዋለሁ፣ «ፍሬኑ ተይዞ ነበር፣ አልነበረም?» መጀመሪያ ወንበር ሰጠኝ፣ ቀጥሎ ተቆጣኝ፣ ቀጥሎ ለመነኝ።

«እማማ፣ ለጓዳዎ አንድ ቆርቆሮ ልስጥዎትና ይተዉኝ።»

«ምን ልሸፍንበት?» አልኩት። ምስማር የሚገዛው ሁሉ ሳቀ።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ወደ ሱቁ ጓሮ ጠራኝና በሩን ዘጋ።

«ተይዞ ነበር» አለኝ።

«በምን አወቅህ?»

«እኔም ይዤላት ሄዳብኛለች። እዚያው ቦታ፣ ወደዚያው። መካኒክ ፈታትቶ አየው፣ ምንም የለበትም አለኝ።»

«ታዲያ የሰውየውን ስም ለምን አጠፋህ?»

«ፍሬን የሚረሳ ሾፌር ሞልቷል እማማ። ፍሬን ተይዞ የምትሄድ መኪና ግን ማን ይገዛኛል?»

ጠጋ አልኩት። «አሁን የት ናት?»

«ሸጥኳት። ቀለሟ ተቀይሮ እዚሁ መስመር ላይ ትሠራለች።»

«ለገዢው ነገርከው?»

አቶ ፈንታሁን የተዘጋውን በር አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «‹የእጅ ፍሬኗ ደህና ነው ወይ?› ብሎ ጠየቀኝ። ደህና ነው አልኩት። ፍሬኑ እኮ ደህና ነው፣ እማማ።»